ኃይል በሚቆራረጥበት ሁኔታ የሰርቨር ሲስተም ፓርቲሽንን ስለማስፋት፦ ድሬዳዋን መነሻ ያደረገ አጭር ጥናት

አኅጽሮት

የሰርቨር ሲስተም ፓርቲሽን ሲሞላ የሚወሰደው እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ በችኮላ የሚወሰን ነው። ይህ ጽሑፍ የማስፋት ሥራዎችን በሁለት ይከፍላቸዋል። አንደኛው የዲስኩን የቦታ ድልድል የያዘውን ሠንጠረዥ ብቻ የሚለውጥ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው በዲስኩ ላይ የሰፈረውን ዳታ ከነበረበት አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ የሚያጓጉዝ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል በማይቋረጥበት ስፍራ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጊዜ ብቻ ሊመስል ይችላል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃታማና የመብራት መቆራረጥ በሚያጋጥመው ከተማ ግን ልዩነቱ ዳታን በማትረፍና በማጥፋት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ጽሑፉ በሊኑክስና በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ የሚያጋጥሙ የፓርቲሽን አቀማመጦችን እየመረመረ፣ ከሞላ ጎደል በሁሉም ረገድ ዳታ ሳይጓጓዝ ፓርቲሽንን ማስፋት ወይም ማቃለል እንደሚቻል ያሳያል።

መግቢያ

የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የዕለት ተዕለት ሥራ በሰርቨር ላይ እየተንጠለጠለ ከመጣ ሰንብቷል። የተማሪዎች ምዝገባና ውጤት በዳታቤዝ ይያዛል፤ የኮርስ ማስታወሻና ፈተና እንደ ሙድል ባሉ ሥርዓቶች ይቀርባል፤ የመመረቂያ ጽሑፎች በዲጂታል ክምችት ይቀመጣሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ክምችት በዲስፔስ ሶፍትዌር የሚሠራ መሆኑ ለዚህ አንድ ማሳያ ነው። ኢትዮጵያ በ2019 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ የምርምር ውጤቶች ለሕዝብ ክፍት ሆነው እንዲቀመጡ ስለሚጠይቅ፣ ወደ እነዚህ ክምችቶች የሚገባው ፋይል እየበዛ መሄዱ የማይቀር ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የመውጫ ፈተና በኮምፒዩተር የሚሰጥ በመሆኑ ደግሞ፣ ለዝግጅት የሚደረጉ የሙከራ ፈተናዎች ብዙ ተማሪዎችን በአንድ ሰዓት ወደ አንድ ሰርቨር ያመጣሉ።

እነዚህን አገልግሎቶች ከሚያቆሙ ምክንያቶች አንዱ እጅግ ተራ የሆነ ነው፤ የሲስተም ፓርቲሽኑ ይሞላል። ውጤቱ ግን እንደ መንስኤው ተራ አይደለም። ማይኤስኪውኤል የሚጽፍበት ቦታ ሲያጣ ሥራውን አቁሞ ቦታ እስኪለቀቅለት ይጠብቃል፤ ለተጠቃሚው ይህ ገጹ ደርቆ እንደ ቀረ ሆኖ ይታያል። ፖስትግሬስ የግብይት መዝገቡን የሚጽፍበት ቦታ ሲያልቅ ራሱን ያጠፋል። በዚህ ሰዓት የሰርቨሩ ኃላፊ በስልክ ጥሪ እየተጣደፈ፣ ምን ጊዜም በእርጋታ ሊሠራ የሚገባውን ሥራ በጭንቀት መሥራት ይጀምራል። ለዳታ መጥፋት ምክንያት የሚሆነው ብዙ ጊዜ የዲስኩ መሙላት ሳይሆን፣ ከሞላ በኋላ የሚወሰደው እርምጃ ነው።

ዲስኩ በእርግጥ ሞልቷልን?

ፓርቲሽን ከመስፋቱ በፊት መሞላቱ መረጋገጥ አለበት። ይህ አባባል ትርፍ ቢመስልም አይደለም፤ «ቦታ የለም» የሚለው መልእክት ከአንድ በላይ ትርጉም አለውና።

በሊኑክስ ላይ ዲኤፍ የተባለው ትእዛዝ በፋይል ሲስተሙ ደረጃ ምን ያህል ቦታ እንደተያዘ ያሳያል፤ ዲዩ ደግሞ ማውጫዎችን እየዞረ የፋይሎቹን መጠን ይደምራል። የሁለቱ ድምር በእጅጉ ከተለያየ አንድ የተሠወረ ነገር አለ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስውሩ ነገር፣ ስሙ ከማውጫው ተፍቆ ሳለ አንድ ፕሮግራም ገና ከፍቶ የያዘው ፋይል ነው። ቦታ ለማግኘት ብሎ ትልቅ የሎግ ፋይል የሰረዘ ባለሙያ፣ ዲስኩ ምንም ቦታ ሳይለቅ ሲቀር የሚደናገረው በዚህ ምክንያት ነው። ፋይሉን የያዘው አገልግሎት ዳግም እስኪነሣ ድረስ ቦታው አይለቀቅም፤ ከተነሣ በኋላ ግን ያለ ምንም የፓርቲሽን ሥራ ብዙ ጊጋባይት በአንድ ጊዜ ሊመለስ ይችላል።

ሁለተኛው የኢኖድ ማለቅ ነው። በኢኤክስቲ4 ፋይል ሲስተም የሚኖሩት ፋይሎች ቁጥር ጣሪያ የሚወሰነው ፋይል ሲስተሙ ሲፈጠር ነው። እያንዳንዱ ፋይል ባዶ እንኳ ቢሆን አንድ ኢኖድ ስለሚወስድ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የሴሽን ፋይሎች ወይም ያልተላኩ የኢሜይል መልእክቶች የተጠራቀሙበት ሰርቨር ግማሽ ቦታው ነፃ ሆኖ ሳለ አንዲት ፋይል መፍጠር ሊያቅተው ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ ኢኤክስቲ4 በተለምዶ ከጠቅላላው ቦታ 5 በመቶውን ለሥርዓቱ አስተዳዳሪ የሚያስቀር መሆኑ ነው። በ100 ጊጋባይት ፓርቲሽን ላይ ይህ 5 ጊጋባይት ነው። ለተራ ተጠቃሚና ለዳታቤዝ ፓርቲሽኑ 100 በመቶ ሞልቶ ሲታይ አስተዳዳሪው ግን አሁንም መጻፍ መቻሉ ከዚህ የመጣ ነው። ይህ ተቀማጭ ቦታ በአደጋ ጊዜ ለመተንፈሻ የተተወ ስለሆነ፣ በሲስተም ፓርቲሽን ላይ ወደ ዜሮ ማውረድ አይመከርም።

ከዚህ ቀጥሎ ቦታውን የበላው ምን እንደሆነ ይታያል። ማይኤስኪውኤል 8.0 የለውጥ መዝገቡን ማንም ሳያዘው ራሱ የሚጽፍ ሲሆን ለ30 ቀናት ያቆየዋል፤ ብዙ መረጃ በሚለዋወጥበት የምዝገባ ወር ይህ መዝገብ ከዳታው ከራሱ ሊበልጥ ይችላል። ዶከር የእያንዳንዱን ኮንቴይነር ሎግ በነባሪው አሠራሩ ያለ ጣሪያ ያከማቻል። በፖስትግሬስ ደግሞ ከጥቅም ውጭ የሆነ ተከታይ ሰርቨር ሳይሰረዝ ከቀረ፣ የግብይት መዝገቡ እርሱን እየጠበቀ ሳይቆረጥ ይከመራል። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። የግብይት መዝገቡ «ሎግ» የሚመስል ስም ስላለው ብቻ በእጅ የሚሰርዙት ይኖራሉ፤ ያ ግን ዳታቤዙን ራሱን መሰረዝ ያህል ነው። በዊንዶውስ በኩል ዊንሴክስኤስ ተብሎ የሚታወቀው ማውጫ በተመሳሳይ ሁኔታ የሚያሳስት ነው፤ በእጅ ሳይሆን ዊንዶውስ ራሱ ባዘጋጀው ዲዝም በተባለው መሣሪያ ብቻ ሊጸዳ ይገባል።

የጉርብትና ጥያቄ

መሞላቱና ማስፋት ማስፈለጉ ከተረጋገጠ በኋላ ወሳኙ ጥያቄ «ምን ያህል ነፃ ቦታ አለ?» የሚለው አይደለም። ወሳኙ ጥያቄ ነፃው ቦታ የት ነው የሚለው ነው። ፓርቲሽን በዲስኩ ላይ መነሻና መድረሻ ያለው አንድ ወጥ ስፍራ ስለሆነ ሊሰፋ የሚችለው ከመድረሻው ቀጥሎ ወዳለ ባዶ ስፍራ ብቻ ነው። በመካከል ሌላ ፓርቲሽን ካለ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶ ቦታ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን አይጠቅምም።

ድሬዳዋን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን በከተማዋ አቀማመጥ ሊያስበው ይችላል። ከዚራና መጋላን ደቻቱ ይለያቸዋል። በአንዱ ወገን ቤት የሚሠራ ሰው ግድግዳውን እየገፋ ወደ ማዶ ሊሻገር አይችልም፤ ማዶ ያለውን ስፍራ ከዚህኛው ጋር አንድ አድርጎ ለመጠቀም ድልድይ ያስፈልጋል። ኤልቪኤም የተባለው የሊኑክስ የቦታ አስተዳደር ሥርዓት ይህን ድልድይ ይሠራል። በዲስኩ ላይ የተበታተኑ ስፍራዎችን በአንድ የጋራ ቋት ሰብስቦ፣ ከቋቱ እየቆረጠ ለፋይል ሲስተሙ እንደ አንድ ወጥ ስፍራ ያቀርባል። የጉርብትና ችግር በዚህ ይወገዳል።

በተግባር ከሚያጋጥሙ አቀማመጦች መካከል ሦስቱ ልዩ ትኩረት ይሻሉ።

የመጀመሪያው በዩቡንቱ ሰርቨር ላይ የሚታየው ነው። ጫኚው ፕሮግራም ኤልቪኤም ሲመረጥ የቋቱን ቦታ ሁሉ ለሲስተሙ አይሰጥም። ቋቱ ከ20 እስከ 200 ጊጋባይት ከሆነ ግማሹን ብቻ ይመድባል፤ ከ200 ጊጋባይት በላይ ከሆነ ደግሞ 100 ጊጋባይት ላይ ያቆማል። ስለዚህ ለምሳሌ 97 ጊጋባይት ቋት ያለው ሰርቨር 48.5 ጊጋባይት የሚሆን የሲስተም ቦታ ብቻ ይዞ ይነሣል፤ የቀረው 48.5 ጊጋባይት በዲኤፍ ውስጥ ፈጽሞ አይታይም። ይህን የማያውቅ ተቋም ያልጠበበውን ዲስክ ጠበበ ብሎ አዲስ የዲስክ ግዥ ሊጠይቅ ይችላል። የግዥ ሂደት በወራት በሚቆጠርበት ሁኔታ፣ ቪጂኤስ የተባለችውን አጭር ትእዛዝ አስቀድሞ መጻፍ የሚያስገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። ጫኚው ይህን ማድረጉ ስሕተት አይደለም፤ ቦታን ማስፋት ቀላል፣ ማጥበብ ግን ከባድ በመሆኑ የተደረገ ምርጫ ነው።

ሁለተኛው ያለ ኤልቪኤም በተጫኑ የቆዩ የዴቢያንና የዩቡንቱ ሰርቨሮች ላይ የሚገኝ ነው። እዚህ የሲስተሙ ፓርቲሽን በመጀመሪያ፣ የስዋፕ ፓርቲሽን ከኋላው ተቀምጦ ይገኛል። ቨርቹዋል ዲስኩ ሲሰፋ አዲሱ ቦታ ከስዋፑ በስተኋላ ስለሚመጣ ስዋፑ መሰናክል ይሆናል። ሆኖም ይህ መሰናክል ሊፈርስ የሚችል ነው። ስዋፕ የማስታወሻ ትርፍ የሚያርፍበት ጊዜያዊ ስፍራ እንጂ ሊጠበቅ የሚገባ ዳታ የለበትም። ስለዚህ አገልግሎቱ ይቆማል፣ ፓርቲሽኑ ይሰረዛል፣ ሲስተሙ ይሰፋል፣ ስዋፑም በፋይል መልክ እንደገና ይፈጠራል። የሚዘነጋው ኋላ የሚቀረው ምልክት ነው። በኤፍኤስታብ ፋይል ላይ የቀድሞው ስዋፕ መለያ ካልተፋቀና የመነሻው ምስል ካልታደሰ፣ ሰርቨሩ በሚቀጥለው ሲነሣ የሌለ ፓርቲሽን እየፈለገ ይዘገያል። የተማሪ ምዝገባ በሚካሄድበት ጠዋት ይህ መዘግየት ሰርቨሩ ሞተ የሚል ወሬ ያስነሣል።

ሦስተኛው የዊንዶውስ ሰርቨር ነው። በዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ዘመን የሲስተሙን ፓርቲሽን በዲስክፓርት ማስፋት ጨርሶ አይቻልም ነበር፤ ከ2008 ወዲህ ሥርዓቱ እየሠራ ሳለ ይቻላል። ነገር ግን አዳዲሶቹ ጫኚዎች የመልሶ ማገገሚያ ፓርቲሽኑን ከሲ ድራይቭ ቀጥሎ ስለሚያስቀምጡ፣ ቨርቹዋል ዲስኩ ሰፍቶም «አስፋ» የሚለው ምርጫ ደብዝዞ አልታዘዝ ይላል። መፍትሔው ከስዋፑ ጋር ይመሳሰላል። ማገገሚያው ሪኤጀንትሲ በተባለው ትእዛዝ እንዳይሠራ ሲደረግ ምስሉ ወደ ሲ ድራይቭ ይመለሳል፤ ከዚያ ፓርቲሽኑ ይሰረዛል፣ ሲ ይሰፋል፣ በመጨረሻም በዲስኩ ጫፍ አዲስ የማገገሚያ ፓርቲሽን ተፈጥሮ ሥራ ላይ ይውላል። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ በመጀመሪያ የሰረዘ ሰው ሰርቨሩ አንድ ቀን አልነሣ ሲል የሚያገግምበትን መሣሪያ አጥቷል።

ኃይልና ጊዜ

እስከዚህ የተገለጹት ሦስቱም ሥራዎች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ በዲስኩ ላይ ካለው የተጠቃሚ ዳታ አንዱም ከቦታው አይነሣም። የሚለወጠው ሠንጠረዡ ብቻ ነው። የጂፒቲ ሠንጠረዥ ከመከላከያ ሴክተሩ ጋር 34 ሴክተር ማለትም 17,408 ባይት ነው፤ በዲስኩ ጫፍ የሚቀመጠው ቅጂ 33 ሴክተር ማለትም 16,896 ባይት ነው። ሁለቱ ተደምረው 35 ኪሎባይት አይሞሉም። ይህን ያህል ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ ከሰከንድ ክፍልፋይ አይበልጥም፤ አንዱ ሲጻፍ ኃይል ቢቋረጥ እንኳ ሌላው ቅጂ ይኖራል። ኤልቪኤምም ለውጡን ከነባሩ መዝገብ ጎን ከጻፈ በኋላ ነው አዲሱን መዝገብ የሚያጸናው፤ ኃይል ሲመለስ የሚገኘው ወይ አሮጌው ወይ አዲሱ ነው። የኢኤክስቲ4ና የኤክስኤፍኤስ ፋይል ሲስተሞች በሥራ ላይ እያሉ ሲሰፉ ለውጡን በጆርናላቸው በኩል ያካሂዳሉ።

ከዚህ ጋር የማጓጓዝን ሥራ ማነጻጸር ይገባል። አንድ 1 ቴራባይት የሆነ መካኒካል ዲስክ ላይ 80 ጊጋባይት የሲስተም ፓርቲሽን፣ ቀጥሎ 400 ጊጋባይት የዳታ ፓርቲሽን፣ ከዚያም ወዲያ ባዶ ስፍራ አለ እንበል። ሲስተሙን በቀጥታ ለማስፋት የዳታው ፓርቲሽን ወደ ዲስኩ ጫፍ መገፋት አለበት። እንደ ጂፓርትድ ያለ መሣሪያ ይህን ሲያደርግ 400 ጊጋባይቱን አንድ በአንድ ያነብና በአዲሱ ስፍራ ይጽፋል። ዲስኩ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ያስተናግዳል ቢባል ማንበቡ 4,000፣ መጻፉ ሌላ 4,000 ሰከንድ ይወስዳል፤ በድምሩ 2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ። የማንበቢያው ራስ በሁለቱ ስፍራዎች መካከል የሚመላለስበት ጊዜ ከዚህ ላይ ይጨመራል። አሮጌውና አዲሱ ስፍራ በሚደራረቡበት ጊዜ ደግሞ አዲሱ በአሮጌው ላይ እየተጻፈ ስለሚሄድ፣ ሥራው በመካከል ቢቋረጥ የዳታው ፓርቲሽን በአሮጌው ቦታም በአዲሱም ሙሉ ሆኖ አይገኝም።

ዩፒኤስ አለ የሚለው መከራከሪያ በድሬዳዋ ሁኔታ ሲመዘን ክብደቱ ይቀንሳል። ለሰርቨር ክፍል የሚገዛ ዩፒኤስ በተለምዶ የሚሰጠው ደቂቃዎችን ነው፤ ዓላማው ጄኔሬተር እስኪነሣ ወይም ሰርቨሩ በሥርዓት እስኪጠፋ ማቆየት ነውና። በዩፒኤስ ውስጥ ያለው የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ ደግሞ ከ25 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ በየ10 ዲግሪው በግምት በግማሽ እንደሚቀንስ በመስኩ የታወቀ መለኪያ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ሞቃታማዋ ድሬዳዋ፣ መብራት ሲጠፋ የማቀዝቀዣውም መሣሪያ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ባትሪው ሙቀትና ሥራ በአንድ ላይ ይጫኑበታል። በወረቀት 20 ደቂቃ የሚያቆይ መሣሪያ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ስንት ደቂቃ እንደሚያቆይ የሚታወቀው ጭነት ተሰጥቶት ሲለካ ብቻ ነው። በሬይድ መቆጣጠሪያ ካርድ ላይ ያለው ትንሽ ባትሪም እንዲሁ ነው፤ እርሱ ከሞተ ካርዱ «ተጽፏል» ብሎ የመለሰው ዳታ ገና በማስታወሻው ውስጥ እያለ ሊጠፋ ይችላል።

ታዲያ በመካከል ያለው ፓርቲሽን እንደ ስዋፕ ሊፈርስ የማይችል ሲሆን ምን ይደረጋል? ከማጓጓዝ ይልቅ መቅዳት ይመረጣል። ከዳታው ወዲያ ባለው ባዶ ስፍራ አዲስ ፓርቲሽን ይፈጠራል፤ ከሲስተሙ ላይ ቦታ የሚበላው ማውጫ፣ ለምሳሌ የዳታቤዙ፣ ወደዚያ ይቀዳል፤ ቅጂው ከተረጋገጠ በኋላ አዲሱ ፓርቲሽን በቀድሞው ማውጫ ስፍራ ይሰቀላል። በዚህ መንገድ ሲስተሙ ባይሰፋም ሸክሙ ይቀልለታል። መቅዳትና ማጓጓዝ በጊዜ ረገድ ብዙ ላይለያዩ ይችላሉ። የሚለያዩት በቅጂው ሂደት ኦሪጅናሉ ሳይነካ የሚቆይ በመሆኑ ነው፤ መብራት አሥር ጊዜ ቢጠፋ አርሲንክ ካቆመበት ይቀጥላል፣ የሚጠፋም የለም። መጠንቀቅ የሚገባው የመጨረሻው ዙር ቅጂ ዳታቤዙ ቆሞ መካሄዱን፣ የፋይሎቹም ባለቤትነትና ፈቃድ ሳይለወጥ መቅረቱን ነው። የማውጫውን አድራሻ ሳይለውጡ በነበረበት ስፍራ መስቀል የሚመረጠው፣ በዩቡንቱ ላይ አፕአርመር ማይኤስኪውኤልን ከተለመደው ማውጫ ውጭ እንዳይጽፍ ስለሚከለክለው ነው።

የአሠራሩ ሂደት

በቨርቹዋል ሰርቨር ላይ ኤልቪኤም በሌለበትም ባለበትም ሥራው የሚጀምረው ከሰርቨሩ ውጭ ነው። መጠባበቂያ ቅጂ በሌላ መሣሪያ ላይ ይወሰዳል፤ ከቅጂውም አንድ ፋይል ወይም አንድ የዳታቤዝ ሠንጠረዥ ተመልሶ ይከፈታል። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አለ ተብሎ አይቆጠርም። የቨርቹዋል ማሽን ስናፕሾት ይህን አይተካም፤ ከዋናው ዲስክ ጋር በአንድ ስቶሬጅ ላይ ስለሚኖር አብሮት ይጠፋል። በቪኤምዌር ላይ ደግሞ ስናፕሾት ያለው ዲስክ ጭራሽ አይሰፋም፤ አስቀድሞ መዋሐድ አለበት፤ የቆየ ስናፕሾት መዋሐዱም ራሱ ሰዓታት የሚፈጅ የዳታ ሥራ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ቀጥሎ የድልድሉ ሠንጠረዥ ራሱ ይቀዳል። ኤስጂዲስክ የጂፒቲን ሠንጠረዥ ወደ ፋይል ያወጣል። ኤልቪኤም በእያንዳንዱ ለውጥ የመዝገቡን ቅጂ በራሱ ያስቀምጣል፤ ነገር ግን የሚያስቀምጠው እዚያው ሊሰፋ ባለው የሲስተም ፓርቲሽን ላይ ነው። ቤቱ ሲቆለፍ ቁልፉን ውስጥ እንደ መተው ስለሆነ ቅጂው ወደ ሌላ ኮምፒዩተር መወሰድ ይኖርበታል። ሁለቱም ፋይሎች ጥቂት ኪሎባይት ናቸው፤ በስልክ እንኳ ሊያዙ ይችላሉ።

የሥራው ሰዓት ሲወሰን በጽሑፍ የሚቀመጠው ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መገለጽ አለበት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚባለው በ24 ሰዓት አቆጣጠር 02:00 ነው፤ ሰዓቱ በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት የተሞላ ሰርቨር ሎግ ላይ ደግሞ ያለፈው ቀን 23:00 ሆኖ ይመዘገባል። ከብልሽት በኋላ ሎግ ሲመረመር በዚህ ልዩነት የተነሣ የተሳሳተ ቀን ሲፈተሽ መዋል የተለመደ ነው።

ቨርቹዋል ዲስኩ ከሰፋ በኋላ ሊኑክስ አዲሱን መጠን እንዲያነብ ይደረጋል። በጂፒቲ ዲስክ ላይ የሠንጠረዡ ሁለተኛ ቅጂ አሁን በዲስኩ ጫፍ ሳይሆን በቀድሞው ጫፍ፣ ማለትም በመካከል ይገኛል። ፓርትድ ይህን አይቶ ይስተካከል ወይ ብሎ የሚጠይቀው ጥያቄ የብልሽት ምልክት አይደለምና መደንገጥ አያስፈልግም። ዲስኩ በአሮጌው የኤምቢአር ሠንጠረዥ የተደለደለ ከሆነ ግን ባለ 512 ባይት ሴክተር እስከሆነ ድረስ ከ2 ቴራባይት በላይ ያለው ቦታ አይታይም። ከዚያ ግሮውፓርት ፓርቲሽኑን ያሰፋል። ለዚህ ትእዛዝ የዲስኩ ስምና የፓርቲሽኑ ቁጥር በመካከላቸው ክፍተት ተትቶ ለየብቻ ይጻፋሉ፤ ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ኤልቪኤም ካለ ፒቪሪሳይዝ ቋቱን ያሰፋል፣ ኤልቪኤክስቴንድ ከቋቱ ቆርጦ ለሲስተሙ ይጨምራል። በመጨረሻ ፋይል ሲስተሙ ራሱ አዲሱን መጠን እንዲያውቅ ይደረጋል፤ ለኢኤክስቲ4 ሪሳይዝቱኤፍኤስ፣ ለኤክስኤፍኤስ ኤክስኤፍኤስ ግሮውኤፍኤስ። ይህን የመጨረሻ እርምጃ የዘለለ ሰው በዲኤፍ ላይ ምንም ለውጥ አያይም።

በመጠን አጻጻፍ ላይ አንድ የመደመር ምልክት ብዙ ነገር ትወስናለች። «20 ጊጋባይት ጨምር» ለማለት ከቁጥሩ በፊት የመደመር ምልክት ይጻፋል፤ ምልክቱ ከተረሳ ትርጉሙ «መጠኑን 20 ጊጋባይት አድርግ» ይሆናል። ኤልቪኤክስቴንድ ማጥበብን ስለማይፈቅድ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ አይቀበልም። ኤልቪሪሳይዝ ግን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ እሺ ከተባለ ያጠብባል፤ 48 ጊጋባይት የነበረው ፋይል ሲስተም ጭራው ተቆርጦ ይቀራል። በሌሊት ድካም «እሺ» ብሎ መመለስ እንዴት ቀላል እንደሆነ ሥራውን የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ለማስፋት ኤልቪኤክስቴንድን ብቻ መጠቀም የተሻለ ልማድ ነው።

የቋቱን ነፃ ቦታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለሲስተሙ መስጠትም አይደገፍም። ኤክስኤፍኤስ አንዴ ከሰፋ በተግባር አይጠብብም፤ ኢኤክስቲ4 የሚጠበው ከአገልግሎት ወጥቶ ነው፤ የሲስተም ፓርቲሽን ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩን ከሌላ ሚዲያ ማስነሣት ይጠይቃል። ከቋቱ ጥቂቱን ማስቀረት ለሚቀጥለው ድንገተኛ መሞላት የአንድ ደቂቃ መፍትሔ ያስገኛል። ሁለተኛ ዲስክ ገዝቶ ወደ ቋቱ መጨመር የሚፈልግ ተቋም ደግሞ የደቻቱን ድልድይ ማስታወስ ይኖርበታል፤ የሲስተሙ ፋይል ሲስተም በሁለት ዲስኮች ላይ ከተዘረጋ ከሁለቱ የአንዱ መበላሸት ሁለቱንም ያጠፋል። ከሥር ሬይድ ከሌለ በስተቀር አዲሱ ዲስክ ለብቻው ተሰቅሎ ለዳታ ቢውል ይሻላል።

ከመስፋቱ በኋላ

ሰርቨሩ ሥራው በተሠራበት በዚያው ሌሊት፣ ባለሙያው በስፍራው እያለ፣ አንድ ጊዜ ጠፍቶ እንዲነሣ ይደረጋል። በኤፍኤስታብ ላይ የቀረ ስሕተት ካለ የሚገለጠው ያኔ ነው፤ ካልሆነ ግን የሚገለጠው ከሳምንታት በኋላ፣ መብራት ጠፍቶ በተመለሰበት በአንዱ ቀን፣ ለውጡን ያደረገው ሰው በሌለበት ነው።

ከዚያም ለአንድ ሳምንት ያህል የፓርቲሽኑ ዕለታዊ ዕድገት ይመዘገባል። ከላይ በምሳሌነት የተጠቀሰው ሰርቨር 48 ጊጋባይት ተጨምሮለት በቀን 200 ሜጋባይት የሚያድግ ከሆነ የተጨመረው ቦታ 240 ቀናት ያቆየዋል፤ የምዝገባ ወቅትን ተሻግሮ አንድ የትምህርት ዓመት ሊሸፍን ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። ጣሪያ ያልተበጀለት የኮንቴይነር ሎግ በቀን 2 ጊጋባይት የሚጽፍ ከሆነ ግን ያው 48 ጊጋባይት በ24 ቀናት ያልቃል።